ሳጥን ተራ የገቡ አራት «የፊልም ባለሙያዎች»

ይህን የምጽፈው መርካቶን ረግጠው ለማያውቁ የደሴ ጎረቤቶቼ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር «እሺ፣ እንዴት ነበር?» እያሉ ያስቆሙኛል። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ነገር ከመካከሉ ሲጀመር ያመኛል። ስለዚህ አንዴ በቅደም ተከተል ጽፌው ልረፍ።

ሰኞ

ከደሴ መናኸሪያ የተነሳነው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል። ለሰኞ ገበያ የሚመጣው ሰው አህያውን እየነዳ ሲገባ እኛ እየወጣን ነበር፤ ገበያ ጥሎ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም፣ እኔው ሆንኩ።

አራት ነበርን። መሪያችን ሰብለ ናት፤ ሥራዋ አዋላጅ ነርስ ነው፣ የሰፈራችንን ልጆች ግማሹን በእጇ ተቀብላለች። አንድ ሰርግ ላይ ሚዜዎች የሙሽራዋን ሳጥን ተሸክመው ሲወጡ አየችና «ይህን ሳጥን ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች። ያ ጌጠኛ በቆርቆሮ የተለበጠ ሳጥን፣ እናቶቻችን ሁሉ ያላቸው። የሚያውቅ ጠፋ። «ከመርካቶ ነው የሚመጣ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሳጥኑ ዘጋቢ ፊልም ካልሠራሁ ብላ እህል ውሃ አላሰኛት አለ። የዓመት ፈቃዷን ወሰደችና እኛን ሰበሰበች።

ካሜራ የያዘው ተሾመ ነው፤ ካሜራማን ነው፣ የሰርግ። ደሴ ውስጥ እሱ ያልቀረጸው ሙሽራ የለም። ድምፅ የሚይዘው ሰይድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ደሴ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ሲያወራ እንኳ ጆሮውን ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። አራተኛው እኔ ነኝ። ሰብለ የጠራችኝ «ጋሽ አበራ፣ አንተ የሰው ቃል ትጽፋለህ፤ እኛ ማን ምን እንዳለ ይጠፋብናል» ብላ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የቡድኑን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አዋላጅ፣ የሰርግ ካሜራማን፣ ሬዲዮ ጠጋኝና የመዝገብ ቤት ጸሐፊ» ብዬ ብጽፍ ማን በሩን ይከፍትልናል? ስለዚህ «የፊልም ባለሙያዎች» አልኩና ሰብለን ዳይሬክተር፣ ተሾመን የምስል ባለሙያ፣ ሰይድን የድምፅ ኢንጂነር፣ ራሴን ደራሲ አድርጌ ሾምኩ። እንዲህ ያለ ሹመት ሌላ ሰው ቢጽፍ ኖሮ መዝገብ ከፍቼበት ነበር።

መንገዱን ላሳጥረው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ኮታችንን አስወለቀን፣ ምሳ በላን፤ ጣርማ በር ላይ ብርዱ መልሶ አስለበሰን፣ ጉሙም ደሴን ደሴን ሸተተኝ። አንድ ጠብ ብቻ ነበር። የሰይድ ማይክ የሚታሰርበት ዘንግ የወለል መወልወያ እጀታ ነው፤ ጫፉ ላይ የሶፋ ስፖንጅ ተጠምጥሞበታል። የአውቶቡሱ ረዳት «መወልወያ ተሸክሞ አዲስ አበባ? እዚያ የለም ብለውህ ነው?» አለና ሰውን ሁሉ አሳቀው። ሰይድ «አብሽር፣ የሚወለወል አይጠፋም» አለው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ተራ ወረድን። የእኛ ሰኞ ገበያ ቢሰፋ ቢሰፋ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ይበተናል፤ ይሄኛው መበተን የሚባል ነገር አያውቅም። ወደየትም ዞር ባልኩ ቁጥር አንድ ተሸካሚ «ጀርባህን!» ይለኛል። ያረፍነው እዚያው አቅራቢያ አንድ አልጋ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ትኋኖቹን ግን አልረሳቸውም።

ማክሰኞ

ጠዋት ሳጥን ተራን ፍለጋ ወጣን። ደሴ አንድ ሰው መንገድ ብትጠይቁ ከየት መጣችሁ፣ የማን ልጅ ናችሁ ይላችኋል፤ እዚህ ሰዉ ሳይቆም በአገጩ ያሳያችኋል። በአገጭ እየተመራን ደረስን። ከሩቅ የሚያስታውቀው በድምፁ ነው፤ መዶሻው ሁሉ በአንድነት ቆርቆሮ ይመታል።

ካሜራው ሲታይ መዶሻው ቆመ። «ከግብር ናችሁ?» አለ አንዱ። ደብዳቤዬን አወጣሁ፤ ወረቀት ሲያይ ጭራሽ በሩን ግማሽ ዘጋ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ደብዳቤው በሩን ይከፍታል ያልኩት ሰውዬ በር ሳዘጋ አረፈድኩ።

መጨረሻ ላይ ያልዘጉልን ጋሼ ሸምሱ ብቻ ናቸው። ስድሳን የዘለሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው አርባ ዓመት እዚያችው ሱቅ ውስጥ ኖረዋል። ተራው ለፎቅ ስለሚፈለግ ሁሉም እስከ እሑድ ልቀቁ ተብለዋል። ጋሼ ሸምሱ አንድ ሳጥን ብቻ ይቀራቸዋል፤ አገር ቤት ላሉት ታላቅ ወንድማቸው ለከድር የልጅ ልጅ ነው፣ ከአረፋ በኋላ ትዳራለች።

«የመጨረሻው ሳጥን ነው?» አለች ሰብለ፣ ዓይኗ በርቶ።

«ከዚህ ወዲያማ ማን ይፈልገዋል ልጄ? የዛሬ ሙሽራ ጎማ ያለው ሻንጣ ነው የምትጎትት።»

ደብተሬን አወጣሁና እንደ ለመድኩት ጠየቅኩ። ስማቸውን ከነአያት ነገሩኝ፣ ዕድሜያቸውን በግምት፣ አድራሻቸውን በጣታቸው።

«ሥራ?» አልኩ።

ቀኝ እጃቸው ላይ መዶሻ፣ ከንፈራቸው ላይ ሦስት ሚስማር ነበረ። ሚስማሮቹን አወጡና «ነጋዴ» አሉኝ።

«ሳጥን ሠሪ አልበል?»

«ነጋዴ በል።»

በእኛ መዝገብ ቤት የተነገረውን መጻፍ ነው። ነጋዴ ብዬ ጻፍኩ። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ በእኛ ቤት ፍቆ ማረም የለም፤ ይታረም ከተባለ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከላዩ ይጻፋል፣ ከጎኑ ይፈረማል።

ከዚያ ቅድመ ሁኔታቸውን ተናገሩ። «እጄን አንሱ። ሳጥኑን አንሱ። ፊቴን ግን እንዳታነሱ። አገሬ ነጋዴ ነው የሚለኝ። በየዓመቱ ሳጥን እወስዳለሁ፣ ሸምሱ ከመርካቶ ገዝቶ አመጣ ይባላል። እንደተባልኩ ልሙትበት።»

ሰብለ ደረቷን ይዛ «ቃሌ ነው ጋሼ፤ ፊትዎ አይታይም» አለች። እኔም ያንን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጭምር።

ረቡዕ

ጠዋት የሰይድ ዘንግ ጠፋ። አልጋ ቤቱን ላይ ታች አልን። በኋላ ከኮሪደሩ መጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ስፖንጁን ፈትታ፣ ጨርቅ አስራበት፣ ዘፈን እያንጎራጎረች ወለል ስትወለውል ተገኘች። «ጥሩ መወልወያ ነው፣ ከየት ነው የገዛችሁት?» አለችው። ሰይድ ወለሉ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቃት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ሬዲዮ የሚፈታ ሰው ብቻ ነው።

ሥራው ተጀመረ። ጋሼ ሸምሱ ጣውላውን ገጣጥመው አድረዋል፤ አሁን ቆርቆሮውን በመቀስ እየቆረጡ፣ ቀዩንና አረንጓዴውን ጌጥ እያጣጠፉ ይመታሉ። ተሾመ ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ይቀርጻል። ሰብለ ከጀርባው ቆማ ታበረታታዋለች፦

«ጎሽ! እንደሱ! ቀስ ብለህ ተንፍስ። አይዞህ፣ ትንሽ ናት የቀረችው። አሁን ግፋ፣ ወደፊት ግፋ!»

የጋሼ ሸምሱ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ምሳ ይዘው ሲመጡ ይህን ሰሙ፤ ድስቱን እንደያዙ ቆመው ሰብለን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

ምሳው እንዲህ ነበር። ረቡዕ ነውና ጾመኞች መሆናችንን ሳንነግራቸው አውቀው ለሦስታችን ቆጮ ከጎመን ጋር በዘይት አቀረቡ፤ ለሰይድ ግን ብቻውን በትንሽ ሳህን ክትፎ። ደሴም ያደግነው እንዲሁ ነው፣ የእስላሙ ቤት የክርስቲያኑን ጾም ያስታውሳል። ልዩነቱ ደሴ ቆጮ የለም። እኔ መጀመሪያ ሳላምጥ ዋጥኩ፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ወደድኩት። ተሾመ የጾመውን ሁሉ በዓይኑ ከሰይድ ሳህን በላ።

እትዬ ዘይነባ ሰብለ አንገቷን ስታክ አዩና «ምን ነክቶሽ ነው?» አሉ። «ትኋን» አለች። «እኔ በሕይወት እያለሁ እንግዳዬን ትኋን ይበላዋል? ኧረ ሂድና ዕቃቸውን አምጣ አንተ ሰውዬ!» ብለው ባላቸውን አስነሱ። በዚያው ቀን ሰብለ ከልጆቻቸው ክፍል ገባች፣ እኛ ሦስታችን ከሱቁ በላይ ካለችው ቆጥ፣ ያልተሸጡ ሳጥኖች መካከል ተነጠፈልን። ይህን ያህል ደህና የተኛሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ሰይድም ውለታ መለሰ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓመት ያልተናገረ ሬዲዮ ነበር፤ በአንድ ምላጭና በአንድ ክብሪት ከፈተው፣ አሥር ደቂቃም ሳይሞላ ዜና ያነብ ጀመር። ጋሼ ሸምሱ «ጎበዝ ኢንጂነር!» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የሆነ ነገር ነበረ፤ ያኔ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ሊለብጡ ሲሉ አንድ ነገር አየሁ። የተጻፈ ነገር ካየሁ ማንበብ ልማዴ ነው። በክዳኑ ውስጠኛ ጥግ፣ በጣውላው ላይ፣ በሚስማር ጫፍ «ሸምሱ ሠራው» ብለው ጫሩ። ወዲያው የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ባዘጋጁት ሙጫ አበባ ያለበትን ወረቀት ለጠፉበት።

«ለምን ይሸፍኑታል?» አልኳቸው።

«የጻፍኩት ለሳጥኑ ነው እንጂ ለሰው አይደለም።»

«ሁሉም ላይ አለ?»

«ወደ አገሬ በሄደው ሁሉ ላይ።»

ሐሙስ

ወደ ስምንት ሰዓት ግድም መብራት ሄደ። መብራት የሌለው ሱቅ ለካሜራ አይሆንም፤ ጋሼ ሸምሱም ቆርቆሮ ሊገዙ ወጡ። እኛ ቆጥ ላይ ወጥተን የሁለት ቀን ሥራችንን በካሜራው ትንሽ መስታወት ማየት ጀመርን፣ አራት ራስ መዳፍ በምታህል ነገር ላይ።

የመጀመሪያው ምስል እጅ ነው። ያማረ። መቀሱ ቆርቆሮውን ይዞ ሲሄድ፣ ጣታቸው ጠርዙን ሲዳስስ። ከዚያ ካሜራው ቀስ እያለ በክንዳቸው ላይ ወጣ፣ በትከሻቸው አለፈ፣ ፊታቸው ላይ ደርሶ ቆመ።

 ሁለተኛው ምስል፣ መዶሻ። ከመዶሻው ተነሳ፣ ክንድ፣ ትከሻ፣ ፊት። ሦስተኛውም። አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ከእጅ የማይነሳ የለም፣ ፊት ላይ የማያልቅ የለም።

«ተሾመ!» አለች ሰብለ።

ተሾመ አመድ መስሏል። «ወላዲተ አምላክን፣ ሳላስበው ነው! አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ከቀለበቱ ትነሳለህ፣ ቀስ ብለህ ወደ ሙሽራዋ ፊት ትወጣለህ። እጅ ላይ የቀረ ምስል ካየ የሙሽራዋ አባት ካሴቱን ይወረውርብሃል። ሐሳቤ እጃቸው ላይ ነበር፤ እጄ ግን የለመደውን ሄደ።»

ፊቱን ቆርጦ ማውጣትም አይሆንም ነበር፤ ጋሼ ሸምሱ የሚሠሩት ፊታቸውን ወደ ሥራው ደፍተው ነው፣ ገና እጃቸው ሲታይ ጀምሮ የፊታቸው ጥግ ይገባል። ሳጥኑ ደግሞ ከግማሽ በላይ አልቋል፣ ሌላ ሳጥን አይሠራም፣ ሱቁም እሑድ የለም።

ተሾመ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዝም ብለን ይዘን ብንሄድስ? ደሴ ማን ያውቃቸዋል?» አለ። አልዋሽም፣ ሐሳቡ በእኔም ራስ አልፏል። ቃል የሰጠነው ግን በእኔው እጅ ተጽፏል፣ ሰዓቱ ሳይቀር።

ሰብለ ካሜራውን አጠፋች። ከዚያ «የልጁ አመጣጥ ደህና ካልሆነ መጀመሪያ የምነግረው ለእናትየው ነው» አለች። «ነገ ከጁምዓ ሲመለሱ እንነግራቸዋለን። አጥፉት ካሉም እናጠፋለን።» ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር፤ የዓመቱን ዕረፍቷን በሙሉ የሰጠችው ለዚህ ካሴት ነው።

አርብ

ሰይድና ጋሼ ሸምሱ አብረው ወደ አንዋር መስጊድ ሄዱ። እኛ ሸኝተናቸው ጥግ ላይ ቆምን። ደሴም አርብ መንገድ ይሞላል፤ እዚህ ግን የቅመሙ ሱቅ፣ የጨርቁ ሱቅ፣ አስፋልቱ ሁሉ ምንጣፍ ሆነ። ያ ሁሉ ጩኸት ሲያርፍ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዛፍ ላይ ያሉት ወፎች ተሰሙኝ። አራት ቀን ሙሉ ወፍ እንዳለ አላወቅኩም ነበር።

ሲመለሱ ምንጣፋቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ ሰብለ አስቀመጠቻቸው። እትዬ ዘይነባም ነበሩ። ነገረቻቸው፤ ሳታሳጥር፣ ሳታሳምር። ተሾመ መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ እጄ ነው። ይቅርታ» አለ።

«አሳዩኝ» አሉ።

መስታወቱን ዓይናቸው ሥር አድርገው አዩ። መጀመሪያ እጃቸውን፣ ከዚያ ፊታቸውን።  

«ምላሴን አውጥቼ ነው እንዴ የምሠራው?» አሉ በመጨረሻ።

እትዬ ዘይነባ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አርባ ዓመት ሙሉ! ማን ይንገርህ ብዬ ነው?»

እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተመለሰ። «እጅህማ ሥራውን ነው የሠራው» አሉት ተሾመን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እናንተስ ያልነገራችሁኝ ነገር የለም?»

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም ፈጀኝ።

«ይቺ ልጅ ዳይሬክተር ናት ተባልኩ። ዘይነባ ሰባት ወልዳለች፤ ግፋ፣ ተንፍስ ሲባል የሚናገረውን ሰው አታጣውም። ሬዲዮዬን በምላጭ የፈታው ኢንጂነር አይደለም፣ ኢንጂነርማ አዲስ ግዙ ነው የሚለው። አንተም ደራሲ ከሆንክ የምትጠይቀኝ ስለ አያቴ ስምና ስለ ቀበሌዬ አይመስለኝም። አርባ ዓመት የሸሸገ ሰው ሌላው ሲሸሽግ አያጣውም።»

እንግዲህ ምን ይባላል? ደብዳቤውን አውጥቼ አንድ በአንድ አረምኩት፣ በአፌ። አዋላጅ፣ የሰርግ ካሜራማን፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ። ጋሼ ሸምሱ ሁሉንም «መልካም ሥራ ነው» እያሉ ተቀበሉ። የእኔ ላይ ሲደርሱ ትንሽ አሰቡና «እሱም ይሁን» አሉ።

ከዚያ የራሳቸውን አወጡ። በልጅነታቸው ዘመን፣ በአገራቸው፣ ብረትና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው ከሰው አይቆጠርም ነበር፤ ልጅ አይሰጡትም፣ በአንድ ዋንጫ አይጠጡም። መርካቶ መጥተው መጀመሪያ ተሸካሚ ሆኑ፤ በኋላ አንድ አሮጌ ሳጥን ሠሪ አስተማራቸው። እጃቸው ለሥራው የተፈጠረ ሆነ። ለወንድማቸው ግን «ሱቅ ገባሁ» ብለው ላኩ። ውሸት አይደለም፣ ሱቅ ነው የገቡት። አገር ቤት ሲሄዱ ጥፍራቸውን በሎሚ ያሹታል።

«ከድር አባቴም ወንድሜም ነው። ይህን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ሞቴን እመርጣለሁ።» ካሴቱን ከተሾመ እጅ ጠየቁ። ተሾመ ሰብለን አያት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። «እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ለአረፋ እነግረዋለሁ። ነገሩ ከቀለለው ካሴቱ ይመጣላችኋል፤ ከከበደው እዚያው ይቀራል። እንዲህ ብል ትቀየሙኛላችሁ?»

«አንቀየምዎትም» አለች ሰብለ። ያን ጊዜ ያለቀሰችው እሷ ናት፣ እሳቸው አይደሉም።

ቅዳሜ

ሳጥኑ አለቀ። ቁልፉ ተገጠመ፣ ጌጡ በጨርቅ ተወለወለ። ከሰዓት በኋላ ከየሱቁ መዶሻው አንድ በአንድ ይቆም ጀመር፤ አንዱ ዕቃውን ይጭናል፣ ሌላው ቆርቆሮውን ይነቅላል። ሰይድ መወልወያውን ይዞ መካከላቸው ቆመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። መጨረሻ ላይ ሁለት መዶሻ ቀረ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ የጋሼ ሸምሱም አበቃ። ሰይድ አሁንም መቅዳቱን አላቆመም።

ጋሼ ሸምሱ ካሴቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥኑ ውስጥ አኖሩት፣ ቆለፉት፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። የሱቁን በር ዘጉት። ነገ ለሚፈርስ በር ሁለቴ ገፋ አድርገው መያዙን አዩ።

ሳጥኑን ለስልጤ መኪና ተሸካሚ አንስቶ «ጀርባ! ጀርባ!» እያለ ከፊት ሄደ፣ እሳቸው ተከተሉ፣ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው። ተሾመ በአዲስ ካሴት ከጀርባቸው ቀረጸ። ሮጦ ወደ ፊታቸው ይዞራል ብዬ ጠበቅኩ። አልዞረም። ካሜራው እጃቸው ላይ እንዳለ ሰዉ ውስጥ ገብተው ጠፉ።

እሑድ

እትዬ ዘይነባ ቤታቸው አሳድረውን ገና በማለዳ ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቋጥረው እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኙን፤ ሰብለን አቅፈው «ልጆቼን የአንቺ እጅ ቢቀበላቸው ኖሮ» አሏት።  ጣርማ በር ላይ ተሾመ «ምን ይዘን መጣን ስንባል ምን እንላለን?» አለ። ሰብለ «ለጊዜው አልተወለደም እንላለን» አለችው። ማታ ደሴ ገባን፤ ሰኞ ጠዋት እሷ ወደ ሆስፒታሏ፣ ተሾመ ወደ አንድ ቀለበት፣ ሰይድ ወደ ሬዲዮዎቹ፣ እኔ ወደ መዝገቤ።

አረፋ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ሰይድ ሱቅ ስልክ ተደወለ። ሰይድ ልጅ ልኮ አስጠራን፤ እኔና ሰብለ እየሮጥን ደረስን። ጋሼ ሸምሱ ናቸው፣ ከወንድማቸው አገር አጠገብ ካለች ከተማ። ቧንቧ ውስጥ እንዳለ ሰው ይጮኻሉ።

ለሦስት ቀን አፋቸው እምቢ ብሏቸው ነበር። በአራተኛው ቀን ለከድር «እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ ሳጥኖቹን ሁሉ የሠራኋቸው እኔ ነኝ» አሏቸው። ከድር ተነሱ፣ እጃቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዷቸው። የሚስታቸው ሳጥን እዚያ አለ፣ ጋሼ ሸምሱ መጀመሪያ የላኩት። ክዳኑን አነሱት። የዱቄቱን ሙጫ አይጥ ወዶት አበባውን ወረቀት ከጥጉ በልቶታል። ከሥሩ «ሸምሱ ሠራው» የሚለው ጥርት ብሎ ይነበባል።

«ይህን አይጥ ከበላው ሃያ ዓመት አልፎታል» አሏቸው ከድር። «አገሩ ሁሉ ያውቃል። እያንዳንዷ ሙሽራ ወረቀቷን ገለጥ አድርጋ ስምህን ሳታይ አትዳርም። እስክትነግረን ነው የጠበቅነው።»

ስልኩ ውስጥ ጋሼ ሸምሱ አለቀሱ። ሰይድ ሱቅ ውስጥም ሁሉም ሰው የሆነ ሬዲዮ ፈልጎ ወደ ግድግዳ ዞረ።

ካሴቱ በሳምንቱ በአውቶቡስ መጣ፣ በዚያው ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ። መልእክትም ነበረው፦ በፊልሙ መጨረሻ የሁሉም ስም ከነእውነተኛ ሥራው ይጻፍ። ሰብለ ይህን ለእኔ ሰጠችኝ። አዋላጅ ብዬ ጀመርኩ፣ የሰርግ ካሜራማን አልኩ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ። ከዚያ ደብተሬን ከፍቼ የማክሰኞውን ገጽ ፈለግኩ። «ሥራ፦ ነጋዴ» ይላል። በአንድ መስመር ሰረዝኩት፣ ከላዩ «ሳጥን ሠሪ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑም ፈረምኩ።